ማረጋገጫ የማይጻፍበት ግራፍ ቲዎሪ

አንድ የሒሳብ ትምህርት ክፍል የመግቢያ ግራፍ ቲዎሪ (ነጥቦችና እነርሱን የሚያገናኙ መስመሮች የሚጠኑበት የሒሳብ ዘርፍ) ኮርሱን ደንብ መለወጡን ሰሞኑን ለተማሪዎቹ አሳውቋል። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ተማሪው ማረጋገጫ፣ ማለትም አንድ አባባል ለምን እውነት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ክርክር፣ እንዲጽፍ አይጠየቅም፤ ሳምንታዊው የቤት ሥራ በኮምፒውተር የሚታረም የምርጫ ጥያቄ ይሆናል፤ ታርሞ የተመለሰለትን ሥራ አስተካክሎ እንደገና የማስረከብ ዕድልም ቀርቷል። ውሳኔው ብቻውን ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍኩት ነበር፤ ብዕር ያስነሣኝ የተሰጠው ምክንያት ነው። ግራፍ ቲዎሪ በነጥብና በመስመር የሚሳል፣ በዓይን የሚታይ ትምህርት ስለሆነ፣ ሥዕሉን ማንበብ የቻለ ተማሪ ያለ ማረጋገጫም ይወጣዋል ተብሏል።

ይህ ውኃ የማያነሣ ምክንያት ነው። የትምህርቱ አባት የሚባለው ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች ሲጽፍ፣ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናየውን የአራት ነጥብና የሰባት መስመር ሥዕል አልሳለም። የድልድዮቹን አቀማመጥ በንድፍ አሳይቶ፣ ለአራቱ የብሶች ፊደል ሰጥቶ፣ ወደ እያንዳንዳቸው የሚያደርሱትን ድልድዮች ቆጠረ፤ አምስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ከዚያም እያንዳንዱን ድልድይ አንዴ ብቻ እየረገጠ ሁሉንም የሚያዳርስ ጉዞ እንደሌለ በክርክር አሳየ፤ መነሻና መድረሻ ካልሆነ በቀር ወደ አንድ የብስ የገባ ሰው መልሶ መውጣት ስላለበት፣ የድልድያቸው ቁጥር ጎዶሎ የሆነ የብሶች ከሁለት ሊበልጡ አይችሉም። ነጥብና መስመሩ የተሳለለት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሥዕል «እነሆ መንገዱ» ለማለት ይበቃ ይሆናል፤ መንገድ እንደሌለ ለማሳየት ግን ሺሕ ሥዕል ቢደረደር የሺሕ አንደኛውን ጥርጣሬ አያነሣም። በዚያ ላይ ሥዕል ያታልላል። ፔተርሰን ግራፍ የሚባለውን ባለ 10 ነጥብና ባለ 15 መስመር ግራፍ በሦስት መልክ ስዬ ስጠይቅ፣ ሦስቱም አንድ መሆናቸውን ዓይኑ ብቻ የነገረው ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

ማረጋገጫ መጻፍ በዚህ ኮርስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማየት አንዲት ተማሪዬ በሰሌዳ ላይ የሠራችውን ልንገር። ጥያቄው «እያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ አንድ መስመር ያለው ግራፍ ሁሉ የተያያዘ ነውን?» የሚል ነበር፤ የተያያዘ ማለት ከየትኛውም ነጥብ ተነሥቶ መስመሮቹን እየተከተሉ ወደ የትኛውም ነጥብ መድረስ ሲቻል ነው። ተማሪዋ «አዎን» ብላ በኢንዳክሽን ጀመረች፤ ይህም አባባሉን ለትንሹ ቁጥር አሳይቶ፣ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ የሚያሻግር የማረጋገጫ ስልት ነው። ሁለት ነጥቦች ቢሆኑ በመካከላቸው መስመር መኖሩ ግድ ስለሆነ ተያይዘዋል። ነጥቦቹ እስከ አንድ ቁጥር ድረስ አባባሉ እውነት ነው እንበል፤ አሁን አንድ አዲስ ነጥብ እንጨምር፤ አዲሱም ቢያንስ አንድ መስመር ሊኖረው ስለሚገባ ከቀድሞዎቹ ከአንዱ ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ሁሉም ተያያዘ። ጠመኔውን አስቀምጣ ዞረች። ክፍሉ በሙሉ ራሱን በስምምነት ነቀነቀ።

አባባሉ ሐሰት ነው። አራት ነጥቦችን ወስዶ ሁለት ሁለቱን ብቻ ማገናኘት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ነጥብ መስመር አለው፣ ሁለቱ ጥንዶች ግን አይገናኙም። ይህን ምሳሌ ከክፍሉ አንዱ ፈጥኖ አገኘው። «መምህር፣ ታዲያ ማረጋገጫዬ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» የሚለው የተማሪዋ ጥያቄ ግን የቀረውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ወሰደ፤ የሴሚስተሩ ምርጥ ክፍለ ጊዜም እርሱ ነበር። ጉድለቱ ከትንሹ ተነሥታ ወደ ትልቁ መገንባቷ ላይ ነው። በዚያ መንገድ የማይሠሩ ግራፎች አሉ፤ ከሁለቱ ጥንዶች አንዱን ነጥብ ብናነሣ ጓደኛው ያለ መስመር ብቻውን ይቀራል፤ የቀረው ግራፍ የአባባሉን ቅድመ ሁኔታ ስለማያሟላ ኢንዳክሽኑ የሚቆምበት መሬት የለውም። መጀመር የነበረባት ከትልቁ ግራፍ ነበር፤ ማንኛውንም ትልቅ ግራፍ ወስዶ፣ አንድ ነጥብ ቀንሶ፣ የቀረው ቅድመ ሁኔታውን ማሟላቱን መመርመር።

እንግዲህ በአዲሱ ደንብ ይህ ጥያቄ ምን እንደሚሆን አስቡት። «እውነት» ወይስ «ሐሰት»? ሁለት ጥንድ ነጥቦችን በወረቀቱ ጠርዝ የጫረ ተማሪ «ሐሰት» ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምንም ሳይጭር የገመተውም እንዲሁ፤ ኮምፒውተሩ ለሁለቱም ሙሉ ውጤት ይሰጣል። በራሱ አእምሮ ውስጥ ያለውን የተሳሳተ የአስተሳሰብ መንገድ ግን አንዳቸውም አላዩትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዛፎች (ዙር ስለሌላቸው የተያያዙ ግራፎች)፣ ከዚያም የተገናኙ ነጥቦች ቀለም ስለማይጋሩበት የቀለም አቀባብ ሲጠየቁ ያንኑ መንገድ ይዘው ይመጣሉ። ስሕተቱን በአራት አማራጭ አቅርበን እናስመርጣለን የሚሉ ይኖራሉ፤ አማራጭ ሆኖ የቀረበ ስሕተት ግን ፍለጋውን ሌላ ሰው ጨርሶለታል። ለዚህ ነው የምርጫ ጥያቄ በዚህ ኮርስ ውስጥ ግምትን ከዕውቀት ጋር በአንድ ሚዛን ከመመዘን የማያልፈው።

ይህ የጀማሪ ድክመት ብቻ የሚመስለው ካለ እንግሊዛዊውን የሒሳብ ሰው አልፍሬድ ኬምፕን ያስታውስ። ማንኛውም ካርታ ጎረቤታሞች ቀለም ሳይጋሩ በአራት ቀለማት ሊቀባ እንደሚችል አረጋገጥሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1879 አሳተመ፤ ማረጋገጫው 11 ዓመት ሙሉ ተቀባይነት አግኝቶ ከኖረ በኋላ በ1890 ፐርሲ ሂውድ ቀዳዳውን አገኘ። ሂውድ ቀዳዳውን አሳይቶ አልሄደም፤ የኬምፕን ዘዴ ተጠቅሞ አምስት ቀለማት ሁልጊዜ እንደሚበቁ አረጋገጠ፤ የአራቱ ጉዳይ ደግሞ በ1976 በአፔልና በሃከን እጅ በኮምፒውተር እገዛ ተቋጨ። የተሳሳተ ማረጋገጫ እንዲህ ያፈራል፤ የሚያፈራው ግን ተጽፎ፣ ሌላ ሰው መስመር በመስመር አንብቦት፣ ሲመለስ ነው። አርሞ እንደገና የማስረከብን ዕድል የሰረዘው ደንብ ከሁሉ ይልቅ የሚያበሳጨኝ ለዚህ ነው። ተማሪው ማረጋገጫ የሚማረው በሁለተኛው ረቂቅ ነው፤ የመጀመሪያው ረቂቅማ ምን እንዳልገባው የሚናገር ወረቀት ነው።

ማረም ጊዜ እንደሚፈጅ አልክድም፤ ሌሊቱን አውቀዋለሁ። መፍትሔው ግን ስድስት ጥያቄ ይሰጥበት በነበረው ሳምንት ሁለት ብቻ መስጠትና ሁለቱን በሚገባ ማንበብ ነው። ማረጋገጫውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፍላቸዋል የሚለው ሥጋት ይበልጥ ያስቀኛል፤ ማረጋገጫ መጻፍ የቻለ ማሽን አማራጭ «ሐ» ላይ ምልክት ማድረግ ያቅተዋልን? ኩረጃ ያሰጋው መምህር ተማሪውን ያለ ወረቀት ለአሥር ደቂቃ ወደ ሰሌዳ ይጥራው፤ የራሱን ማረጋገጫ ሦስተኛ መስመር ለምን እንደጻፈው ይጠይቀው። ጓደኞች ተወያይተው መሥራታቸውን ግን ደንቡ መከልከል ሳይሆን ማበረታታት አለበት፤ መጻፉን ለየብቻ እስካደረጉት ድረስ።

ያቺ ተማሪ የዚያኑ ሳምንት ዓርብ የታረመውን ማረጋገጫ አስረከበች። አባባሉን ራሱ ለውጣ፣ ነጥቦቹ ምን ያህል መስመር ቢኖራቸው ግራፉ የግድ እንደሚያያዝ ፈልጋ ነበር፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀሩት ነጥቦች ቢያንስ ከግማሹ ጋር ከተገናኘ ይበቃል ብላ ደረሰች፤ ማረጋገጫዋ አራት መስመር ብቻ ሆኖ ትክክል ነበር። ማንም አልጠየቃትም። የትምህርት ክፍሉ ይህን መልስ በየትኛው ክብ ውስጥ አጥቁሩ እንደሚል ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።