ሰርቨር ጥየቃ

እኛ ጎንደር ሕመምተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ብርቱካን ያጣ ምርመራ ይዞ ይመጣል። "ጨጓራ ነው፣ አውቀዋለሁ።" "ኧረ ብርድ ነው! የአክስቴን ልጅ እንዲሁ አድርጎት ነበር።" ሕመምተኛው አፉን ሊከፍት ሲል "አንተ ዝም ብለህ ተኛ፣ አትድከም" ይባላል። ይህ ልማድ ለኮምፒውተርም እንደሚደረግ ያየሁት ጥር 9 ቀን ነው። ማግስቱ ከተራ ነበር።

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሰርቨር አለው። ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ጥቁር ሣጥን ነው። ላዩ ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎለታል። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። አየር ይዘጋል ብዬ ሦስት ጊዜ አንሥቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ታጥቦና ተተኩሶ ተመልሷል።

ጥር 8 ማታ፣ በዓሉ ከመግባቱ በፊት ልገላገል ብዬ፣ ከቤቴ ሆኜ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አፕዴት ለቀቅሁት። የሙያ ጓደኛ የሆነ አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ራሱን ይነቀንቃል። በዓል ሲዳረስ አፕዴት አይነካም። እኔም ለሌላ ሰው ስመክር አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ጠዋት 2፡30 ላይ ስልኬ ጮኸ። ሒሳብ ሹሟ ናት።

"ና ቶሎ! ይነሣል፣ ይወድቃል። ይነሣል፣ ይወድቃል። የሚጥል በሽታ ነው የያዘው።"

ስደርስ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ያለው ሰው፣ ቀሚሱ በምን እንደሚገዛ አልነገረንም። የተሰለፉት እናቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን አውጥተው ልጅ ሊያለብሱ የመጡ ናቸው። ገንዘቡ ካዝናው ውስጥ አለ። የማን ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ግን ዳንቴል የለበሰው ሣጥን ብቻ ነው።

ሣጥኑ ሲነሣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይጎርፋል። ጽሑፉ ለአፍታ ቆም ይልና ድርግም! እንደገና ማጓራት። እኔ ከመድረሴ በፊት ጠያቂዎቹ ሞልተውታል።

ኃላፊያችን "ቫይረስ ነው" አሉ። እሳቸው ዘንድ ሁሉም ነገር ቫይረስ ነው። ባለፈው ማተሚያው ወረቀት ሲነክስም ቫይረስ ነበር። ሒሳብ ሹሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ 'ሲያምር!' ብላ አይታዋለች" አለችኝ። ሴትዮዋ ያየችው ሰርቨሩን ይሁን ዳንቴሉን አልጠየቅኋትም። ከሰልፉ አንድ ጎልማሳ "መብራቱ ነው፣ የኔም ፍሪጅ እንዲሁ ያደርጋል" አለ። የኃላፊው የእኅት ልጅ ካምፓስ ስለሚማር እሱም ተጠርቷል። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ነቅሎ በላጲስ እየፈተገ አገኘሁት። ላጲስ አንዳንዴ እንደሚያድን አልክድም። ልጁ ግን ሰካ፣ አልሆነም፣ ነቀለ፣ ፈተገ፣ ሰካ። ወለሉ የላጲስ ፍርፋሪ ለበሰ።

የጥበቃው ጋሼ ከሁሉም ይሻላሉ። ጆሮአቸውን ሣጥኑ ላይ ደቅነው ብዙ ካዳመጡ በኋላ "ንብ ገብቶበታል" አሉ። ከዚያ ወደ ድርቡሽ ተሻገሩ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። እሳቸው ሲያወሩት ግን ከንቦቹ አንዱን በስም የሚያውቁት ይመስላል። ሰልፉ ወሬውን ወደደው። ለአሥር ደቂቃ ያህል ገንዘቡን የጠየቀ የለም።

በመጨረሻ ሁሉም ተስማሙ። "ፎርማት ይደረግ!"

ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። በአገራችን የኮምፒውተር ሕክምና ፎርማት የማያድነው የለም። ቀረ የተባለ ሁሉ ወደ ፎርማት ይወሰዳል። እዚያ ሣጥን ውስጥ የስድስት ዓመት የቁጠባ መዝገብ እንዳለ ስናገር ግን "ፎርማት!" ስትል የነበረችው እናት ነጠላዋን አስተካክላ "እኔ እንኳ ስለሌላ ነው ያወራሁት" አለች።

ሁሉንም ከጠረጴዛው ፈቀቅ አደረግሁና ቆጠርሁ። መብራት ወይም ሙቀት ቢሆን አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ ይወድቃል። ይህ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው። ደግሞም ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሳይነሣ የሚከፈተው የሣጥኑ የራሱ ማስተካከያ ውስጥ፣ አስገብቼ ዝም ብዬ ተውሁት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ሳይል ቆየ። እንግዲህ ሣጥኑ ጤነኛ ነው። የታመመው በላዩ ላይ የሚነሣው ነገር ነው።

ያን ጊዜ ነው ስክሪኑን ያየሁት። ጽሑፉ ሲቆም በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። "ከርነል ፓኒክ" ይላል። ወረድ ብሎ "አንኤብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ፣ አንኖውን ብሎክ፣ ዜሮ ኮማ ዜሮ።" በእኛ አማርኛ "ቤቴ ጠፋኝ፤ አድራሻውን የሚያውቅ የለም" እንደማለት ነው። ጎንደር ላይ በቤት ቁጥር ሰው ፈልጎ ያገኘ ካለ እጁን ያውጣ። "ከጃን ተከል ዋርካ ዝቅ በልና ጠይቅ" ነው የሚባለው። ለዚህ ምስኪን ዋርካውን እንኳ የነገረው የለም። ከጠዋት ጀምሮ በተነሣ ቁጥር ይህንኑ እየጮኸ ይወድቃል። እኛ ከፊቱ ቆመን ስለ ቡዳና ስለ ድርቡሽ እናወራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ሲነሣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ስንቅ ይይዛል። ዲስኩን የሚያናግርበት ድራይቨር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ማታ የገባው አዲሱ ከርነል ያለ ስንቅ ነው የወጣው። ስንቁ የሚቀመጥበት "ቡት" የተባለው የዲስክ ክፍል 512 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሞላው በአሮጌ ከርነሎች ነው። አፕዴት በመጣ ቁጥር አንድ ይጨመራል። የቆየውን የሚጠርግ ከሌለ ይከመራል። እናቴ ባዶ የዘይት ጀሪካን አትጥልም። "ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል" ትላለች። በጀሪካኖቿ ስንት ዓመት እንደሳቅሁባት!

ሌላም ጉድ አለ። ፓኒክ ያደረገ ከርነል ተነሥ ያለው ከሌለ እንደወደቀ ይቀራል እንጂ እንዲህ አይንፈራገጥም። ሺፍትን ተጭኜ ግሩብን አወጣሁ፤ የትኛው ከርነል እንደሚነሣ የሚመረጥበት ዝርዝር ነው። የሚነሣበትን መስመር ስከፍት ጫፉ ላይ "ፓኒክ እኩል ይሆናል 10" የምትል ነገር ተሰክታለች። ብትወድቅ በ10 ሰከንድ ተነሥ ማለት ነው። የትኛው ሞኝ ጻፋት ብዬ አሰብሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ለሠርግ ደባርቅ ስሄድ፣ ከድግሱ መሀል እንዳልጠራ ብዬ የጻፍኋት እኔው ነኝ። ይህን ለሰልፉ አልተናገርሁም። ለእናንተም የነገርሁት ሩቅ ስለሆናችሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ግሩብ ውስጥ ከአሮጌዎቹ ከርነሎች አንዱን መረጥሁ። አጓራ፣ ጸጥ አለ፣ ተነሣ። አልወደቀም። ጀሪካኖቹን ጠረግሁ፤ ለጥንቃቄ ሁለት አስቀረሁ። ለአዲሱ ስንቁን አስቋጠርሁለት። እግረ መንገዴን የማታውን መዝገብ ባየው "ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ" የሚል መስመር ተጽፏል። ቦታ የለም ብሎ ነግሮኛል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ሽሮዬን እየበላሁ ነበር።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። የካምፓሱ ልጅ "ላጲሱ ነው ያዳነው" አለ። ሒሳብ ሹሟ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን ጨው በወረቀት ጠቅልላ ከዳንቴሉ ሥር ሸጎጠች። ኃላፊያችን "ቫይረሱን አጠፋኸው?" አሉኝ። ደክሞኝ ነበርና "አዎ" አልሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱን ተከትዬ ወደ ፋሲል ባሕር ወረድሁ። ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈው ውኃ ገንዳውን ሞልቶታል። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ነው። የዲያቆናቱን ከበሮ እየሰማሁ ሳለ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። የጥበቃው ጋሼ ናቸው።

"ልጄ፣ ዛሬ ጭራሽ ዝም አለ።"

"ማን ጋሼ?"

"ይኼ ሣጥንህ ነዋ! ጆሮዬን ብደቅን ብደቅን ትንፋሹ የለም።"

"ጋሼ፣ ደኅና ሲሆን እንዲያ ነው፣ አይጮኽም። እንዳይነኩት..."

እልልታው ድምፄን ዋጠው። አንድ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንሁ።

"አይሰማኝም! ግድ የለም፣ አትጨነቅ። ከግድግዳው ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ይኸው፣ አሁን ይጮኻል!"