ቀልደኛውን ግጥሙን አስጨርሱት

ፊንላንድ ከመጣሁ በኋላ የአገሩን ተዋናይና ዘፋኝ ቬሳ-ማቲ ሎይሪን መጀመሪያ ያወቅኩት በጥርሱ ነው። የፊት ጥርሱን ጥቁር ቀብቶ ወላቃ መስሎ፣ የተቀዳደደ ልብስ ለብሶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ተደፍቶ ያገኘውን ሁሉ የሚያግበሰብስ ሰነፍ ባል ሆኖ ይሠራል። ገጸ ባህሪው ኡኖ ቱርሃፑሮ ይባላል። የመጀመሪያው ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በ1984 ኡኖ ወታደር ቤት ሲገባ ደግሞ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ሰው ሲኒማ ገብቶ አይቶታል፤ ያውም 5 ሚሊዮን ሕዝብ ባልሞላ አገር!

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ ሌላ ነገር ከፈተልኝ። ያው ሰውዬ የታላቁን ገጣሚ የኤይኖ ሌይኖን ግጥም ያዜማል። ፊንላንድኛዬ ግማሹን እንኳ ሳይደርስበት አንጀቴን በላው። አልበሙ የ1978 ነው፤ ኡኖን ሳይተው ነው የሠራው። በ1980 ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ላይ ዋሽንቱን ይዞ ወጣ፣ በ6 ነጥብ መጨረሻ ሆኖ ተመለሰ። ሕዝቡ ግን አልጣለውም። ያስቀናል፣ ያስለቅሰናል፣ ሁለቱም የእኛ ነው አሉ።

የእኛን ሳስብ ያንገበግበኛል። እዚሁ በአንድ የበዓል ዝግጅት ላይ ከአገር ቤት የመጣ ኮሜዲያን በሳቅ ሲያፈርሰን አመሸ። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣና ስለ እናቱ የጻፈውን ግጥም ማንበብ ጀመረ። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከኋላ «ኧረ ቀልድ አምጣ!» ተባለ። አዳራሹ ሳቀ፣ በግጥሙ ላይ! ልጁ ወረቀቱን አጠፈና ስለ አማቱ ቀለደ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ውስጤ አረረ።

የሚያስቅ ሰው ሌላ ነገር አይችልም ያለን ማነው? አንዴ ሰካራም ሆኖ ከሠራ ዕድሜ ልኩን ሰካራም ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ስናገኘው «እስቲ አስቀን» እንለዋለን። እናቱን ቀብሮ ቢሆንስ?

ሎይሪ በ2003 በወጣ ፊልም ላይ ልጆቹን የሚያሰቃይ ጨካኝ አባት ሆኖ ሲሠራ አየሁት። ኡኖን ፊቱ ላይ ፈልጌ አጣሁት። በ2022 በ77 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ «አንተ ቀልድህን ብቻ ቀልድ» ብለው አላሰሩትም።

ያንን ልጅ አዘጋጆቹ ለእንቁጣጣሽ ድጋሚ ሊጠሩት አስበዋል። ግጥሙን ይዞ እንዲመጣ ንገሩልኝ ብያቸዋለሁ። እናንተም ከመጣችሁ፣ በእናታችሁ፣ አስጨርሱት።