«እስካሁን ማንም አላማረረም»

በክረምቱ ደብረ ማርቆስ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቡና ልንጠጣ ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ሕግ የተማረ ነው፤ ያኔ ሥራ ይፈልግ ነበር። ዓይነ ስውር ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያስሳል። ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ይንደረደርለታል። እሱ ፍጥነቱን ለምዶታል፤ እኔ ግን ከአሥር ቃል አንዷን ብይዝ ነው። ማስታወቂያው ጋ ሲደርስ ስልኩ እንዲህ አለ፦ «አይ ኤም ጂ፣ ዜሮ አራት ሰባት ሁለት፣ ነጥብ፣ ጄ ፔግ»። በቃ። ለእሱ ማስታወቂያው ይኸው ነው።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ማህተም ያረፈበት፣ ትንሽ ጠመም ተደርጎ በስልክ የተነሣ ደብዳቤ ነው። ስክሪን ሪደሩ ፎቶ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ስላልቻለ የፋይሉን ስም ብቻ ነገረው። አነበብኩለት። ሦስት የሕግ ባለሙያ ይፈልጋሉ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ትናንት ነበር።

እኔ ኮምፒውተር ነክ ሥራ ስለምሠራ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ልጆች አውቃለሁ። አብዛኞቹ ለዚህ ሥራ ብቻ የተቀጠሩ አይደሉም። ጠዋት የተነከሰ ወረቀት ከፕሪንተር ያወጣሉ፣ ከሰዓት የኃላፊውን ላፕቶፕ ያክማሉ፣ በመሐል «ይህችን ቶሎ ልቀቃት» ይባላሉ። ስለዚህ እነሱን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ግን ስለ አካል ጉዳተኞች ስጠይቃቸው የምሰማው መልስ ሁሌም አንድ ነው። «እስካሁን ማንም አላማረረም።»

እስቲ በምን በኩል ያማርር? የዚያኑ ድረ ገጽ የአስተያየት መስጫ ቅጽ ሞከርነው። ሳጥኖቹ ስም አልተሰጣቸውም። ለዓይን «ስም»፣ «ስልክ»፣ «አስተያየት» የሚል ከጎናቸው ተጽፏል፤ ከሳጥኑ ጋር ግን አልተያያዘም። ስለዚህ ስክሪን ሪደሩ «የጽሑፍ ሳጥን፣ የጽሑፍ ሳጥን፣ የጽሑፍ ሳጥን» እያለ ይቆጥራል። የቱ የስም፣ የቱ የስልክ እንደሆነ ገምት ነው። ገምቶ ቢሞላ እንኳ መጨረሻ ላይ ካፕቻ ይጠብቀዋል። የተጣመሙ ፊደላትን አይተህ ጻፍ፣ ሰው መሆንህን አረጋግጥ የሚለው ማለቴ ነው። የድምፅ አማራጭ የለውም። ሕግ ተምሮ የተመረቀ ሰው ሰው መሆኑን ማረጋገጥ አቅቶት ተመለሰ። በር ቆልፎ ተቀምጦ «እንግዳ እኮ አይመጣም» ማለት ይህ ነው።

ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ይህን ደግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ያው ልጅ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ቢያይ ሮጦ ክንዱን ይዞ ያሻግረዋል። ባጃጁን ያስቆምለታል፤ ሒሳቡንም ሊከፍል ይችላል። ችግሩ ይህን ሁሉ ጽድቅ ብሎ መያዙ ነው። ጽድቅ ደግሞ ሲመቸን የምንሠራው ነገር ነው። ቢሮ ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ያ ሰው ከነጭራሹ አይታየውም። የሚያሻግረው ሰውና የድረ ገጹ ተጠቃሚ አንድ ሰው ሊሆኑ እንደሚችሉ በሐሳቡ አልመጣም።

ይህ የሚሆነው ደግሞ ጎጃም ውስጥ መሆኑ ነው የሚገርመኝ። ከዲማ እስከ ዋሸራ ትምህርቱ በቃል የሚወርድበት አገር ነው። ቅኔ በቃል ይነገራል፤ በጆሮ ይያዛል። ዓይነ ስውር የኔታ ያስተማሩት ሰው በየሰፈሩ አለ። ልጁ ዳዊት ሲደግም አንዲት ፊደል ቢስት ከዓይናማው ጓደኛው ቀድመው የሚይዙት የኔታ ናቸው፤ አርጩሜዋም ኢላማዋን አትስትም። በነገራችን ላይ አራቱን ጉባኤያት ለዘለቀ ሊቅ «አራት ዓይና» ብሎ ማዕረግ የሚሰጥ ሰው የቆጠረው የእውቀትን ዓይን ነው። በጆሮ ማንበብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ፊደልን ፎቶ ውስጥ መቅበሩ ነው።

«ዓይነ ስውር ተጠቃሚ የለንም» የሚለውን ክርክር ብዙ አላከብረውም። የአማራ ክልል ዓይን የሚያጠፋው ትራኮማ በዓለም ላይ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ወደ 1.3 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልክ የሚያርቁና የሚያቀርቡ አባቶቻችንን ሳንቆጥር።

አሁን ወደ ማህተሙ እንመለስ። ምክንያቱም እዚህ ላይ ልጆቹ የሚያነሱት ነገር እውነት አለው። «ማህተም የሌለው ማስታወቂያ ማን ያምናል?» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ የሐሰት ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ ሞልቷል። ግን የዚያን ደብዳቤ ጉዞ ተከተሉት። ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ተየበችው። ያኔ ጽሑፍ ነበር፤ ስክሪን ሪደርም ያነበው ነበር። ታተመ። ተፈረመ። ማህተም አረፈበት። ከዚያ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፎቶ አነሣውና ድረ ገጹ ላይ ተሰቀለ። ፋይሉ እኮ አሁንም ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ውስጥ አለ! ፎቶው እንዳለ ይሁን፤ ከሥሩ ጽሑፉ ይለጠፍ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ለዓይናማውም ይጠቅማል። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ 3 ባይት ይይዛል። የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጽሑፍ ከአምስት ስድስት ኪሎባይት አይበልጥም። በስልክ የተነሣ ፎቶው ሁለት ሦስት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የቢቸና ወይም የሞጣ ኔትወርክ ሲንገዳገድ የትኛው ቀድሞ እንደሚከፈት ለእናንተ ልተወው። ጎግልም ቢሆን በእንዲህ ያለ ጠማማ የአማርኛ ፎቶ ውስጥ ገብቶ ፈልጎ ያገኛል ብዬ አልወራረድም።

ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። «ይህ የሠለጠኑ አገሮች ቅንጦት ነው።» እነሱም ቢሆኑ አልሆነላቸውም። ዌብኤይም የሚባል ተቋም በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መግቢያ ገጽ ይፈትሻል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከመቶው በ95.9ኙ ላይ አካል ጉዳተኞችን የሚያደናቅፍ ስህተት አግኝቷል። በብዛት የተገኘው ስህተት ምን መሰላችሁ? የደበዘዘ ጽሑፍ። የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ መጠን ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የድምቀት ልዩነት ይጠይቃል። እኛ ነጭ ላይ ቢጫ እንጽፋለን። «ያምራል» ይሉኛል። ለማን?

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚሄድ ሰው የሚገባበት መንገድ ይኑረው ብሏል። ሁሉም አያከብረውም፤ ቢያንስ ግን መሐንዲሱ ያውቀዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 9 ላይ ሕንፃንና መንገድን ብቻ ሳይሆን የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን፣ ኢንተርኔትንም ጭምር ይጠቅሳል። ይህን ለድረ ገጽ አስተዳዳሪዎች ስነግራቸው «እንዴ፣ ድረ ገጽም ይጨምራል?» ይላሉ። አለማወቃቸው አይደንቀኝም። ድረ ገጹን ያሠራው የጨረታ ሰነድ ራሱ ስለ ቀለም፣ ስለ ሎጎ፣ ስለሚንሸራተት ፎቶ ዘርዝሮ ስለ ተደራሽነት አንዲት መስመር የለውም። እኔ ያየኋቸው ሁሉ እንዲያ ናቸው። ሰነዱ ውስጥ ካልተጻፈ ያሸነፈው ድርጅት ለምን ብሎ ይሠራዋል? አለቆች መጠየቅ ያለባቸው እዚህ ጋ ነው።

መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የግርጌ ጽሑፍ ስለሌላቸው ቪዲዮዎችም ብዙ ማለት ይቻላል፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለዛሬ ለአስተዳዳሪዎቹ የማቀርበው አንድ ፈተና ብቻ ነው። ማውሳችሁን ንቀሉ። በታብ ቁልፍ ብቻ ከመግቢያ ገጻችሁ ተነሥታችሁ እስከ አስተያየት መስጫው ሂዱ። ከዚያ ኤንቪዲኤን ጫኑ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ የጀመረው ነጻ ስክሪን ሪደር ነው፤ አንድ ብር አያስከፍልም። ስክሪኑን አጥፍታችሁ የራሳችሁን ማስታወቂያ አዳምጡ። ይህን ያደረገ አንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ኧረ ጉድ» አለ።

ያ ማስታወቂያው ያለፈበት መሥሪያ ቤት ጋ ደወልኩ። ድረ ገጹን የሚይዘው ልጅ ጨዋ ነው። «ወንድሜ፣ እውነቴን ነው አላሰብኩትም» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ማስታወቂያ ወጣ፤ ከፎቶው ሥር ጽሑፉ ሙሉውን አለ። ጓደኛዬ ራሱ አንብቦት ደወለልኝ። ደስ ብሎት ይሆናል ብዬ ስጠብቅ እሱ እየሳቀ «ተፈላጊ ችሎታ የሚለውን ‹ተፋላጊ› ብለውታል፤ ንገራቸው እንጂ» አለኝ። ቅጹ እንደሆነ ገና አልተስተካከለም። ለልጁ መልሼ ደወልኩና «ቅሬታ መጥቶላችኋል» አልኩት።