አፍ ያስያዘ ሁሉ ጭንቅላት አለው?

ያገሬ ሰው፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

በቀደም አራት ሆነን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ስለ ኑሮ ውድነት ተጠየቁ። መልሳቸው ተረት ነበረው፣ ቀልድ ነበረው፣ ቁጥርም ጣል ጣል አድርገውበታል። አጠገቤ የነበሩ አባት ጉልበታቸውን መታ አድርገው «አፉን አስያዘው! ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!» አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ብርጭቆ የሚሰበስበው ልጅ «ታዲያ ዘይት ይቀንሳል አሉ?» ሲለን ተያየን። አራታችንም መልስ የለንም።

አንደበት መውደዳችን የዛሬ አይደለም። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ማር ይወራረዱ ነበር፣ በቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ ቤት እየመታ ለሚናገር ተሟጋች የቆመው ሁሉ ያደንቃል። ዳኛው ግን ያን ሁሉ ሰምቶ «ምስክርህስ? ዋስህስ?» ይላል። እኛ አድናቆቱን ይዘን ምስክር መጥራቱን ትተነዋል።

በ1997ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎቹ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲከራከሩ ሥራችንን ጥለን አይተናል። የተቃዋሚው ፖለቲከኛ የልደቱ አያሌው ስም የገነነው ያኔ ነው። የምርጫው ቀን ግንቦት 7 አልፎ፣ ሌሎች የተቃዋሚ መሪዎች አንገባም እያሉ እሳቸው ፓርላማ እንገባለን ሲሉ ግን፣ ትናንት በአንደበታቸው ሲምል የነበረው ሰው «ከሃዲ» አላቸው። አካሄዳቸው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ ቁጭ ብሎ ያሰላ ጥቂት ነው። ስናደንቃቸውም ስንረግማቸውም የመዘንነው ሐሳባቸውን አልነበረም።

በ2002 ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ። አቶ መለስ ምክር ቤት ቀርበው ሲመልሱ «የሚስተካከለው የለም» ያልን ብዙ ነን። አዋቂ አልነበሩም አልልም። ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በ2007 እሱም አልቀረም። ጥያቄው ተራ በተራ ይነበባል፣ መልሱ ባንድ ላይ ይሰጣል። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ትሉ የለም እንዴ? ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን ለምን ይጠፋችኋል?

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ የምንስቅበት ነገር ነው። በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሶማሊኛ አፉን የፈታ ሹም በአማርኛ መግለጫ ሲሰጥ «እሷ መጣ» ካለ አለቀለት። ያቺን ቁራጭ ቲክቶክ ላይ እንቀባበላታለን። ሰውዬው ስለ መስኖ ሲያስረዳ የነበረውን ማን ሰማው? በራሱ ቋንቋ ለሕዝቡ ሲናገርስ ሰምተነው እናውቃለን? ሌላው ደግሞ «ኢምፓክት»፣ «ኢኒሼቲቭ»፣ «ስትራቴጂ» እያለ ጠብ የሚል ነገር ሳይናገር ሲወርድ «የተማረ ሰው» እንለዋለን። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያላችሁት ደግሞ ከኛ ብሳችኋል። በሰው አገር ቋንቋ ሐኪም ፊት ተንተባትባችሁ፣ እንደ ደደብ ጮክ ተብሎ የተነገራችሁ ቀን የለም? ያኔ የጎደለው ጭንቅላታችሁ ነበር? ታዲያ ማታ ስልካችሁን ከፍታችሁ በሹሙ አማርኛ ለመሳቅ ምን አበቃችሁ?

ዕወቁበት፤ ንግግር ስትሰሙ እስክሪብቶ ያዙ። መቼ ይሆናል አለ? በስንት ብር? ማን ይሠራዋል? ያን ብቻ ጻፉ። ሳቁንና ተረቱን ተዉት፤ እሱ ሳይጻፍም አይጠፋም።

እኔ ያን ዕለት ማታ ድጋሚ ስርጭቱን እስክሪብቶ ይዤ አየሁት። ያ ሁሉ ንግግር አልቆ ወረቀቴ ላይ የቀረው «በቅርቡ» የሚል ቃል ነው፤ ሦስት ጊዜ። በማግስቱ ለሻይ ቤቱ ልጅ ባሳየው፣ ብርጭቆውን እያነሳ «እሱንማ እኔም ሰምቻለሁ፤ ለዛ እኮ ነው የጠየቅኋችሁ» አለኝ።