የወጌሻው እጅ

ወገኖቼ፣ ሜልቦርን ላይ ቃለ መሐላ ፈጽመን የአውስትራሊያ ዜጋ የሆንን ሁሉ፣ ይህ ተግሳጽ ለእኛ ነው። ዜግነቱን ስንቀበል ዕዳውንም ተቀብለናል። ከዕዳው አንዱ ዳግ ኒኮልስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ይህ ዮርታ ዮርታ ከሚባለው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ የተወለደ ልጅ የአውስትራሊያን እግር ኳስ ለመጫወት ሜልቦርን ወዳለው ካርልተን ክለብ መጣ። ያደገው በሙሬይ ወንዝ ዳር፣ «ከመራጋንጃ» በምትባል የነባር ሕዝቦች ሰፈር ነው። በ8 ዓመቱ ፖሊሶች ታላቅ እህቱን ከእናቷ ነጥቀው ሲወስዷት አይቷል። ቁመቱ 157 ሴንቲ ሜትር ነበር። ረጃጅሞች በሰው ትከሻ ላይ እየተንጠላጠሉ ኳስ በሚቀልቡበት ጨዋታ ይህ አጭር ልጅ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ ጨዋታውን አያውቀውም። አየር ላይ ያልተያዘ ኳስ ይወድቃል፤ ቅርጹ ሞላላ ስለሆነም ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። እዚያ ዝቅ ብሎ ቀድሞ የሚያነሣው፣ አንሥቶም በመስመር በኩል የሚፈተለክ ሰው ወርቅ ነው። ሯጩ ኳሱን ይዞ ዝም ብሎ መሄድ አይችልም፤ በዛሬው ሕግ በየ15 ሜትሩ መሬት ላይ ማንጠር ወይም መሬት ማስነካት አለበት። አጣጣሉ ትንሽ ከሳተ ኳሱ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ተከላካዩም ይደርሳል። ኒኮልስ ይህን በሙሉ ፍጥነት የሚያደርግ የመስመር ተጫዋች ነበር። በ1929 ዋራክናቢልና ናያ በሚባሉ ከተሞች የሽልማት ሩጫዎችን ያሸነፈ እግር ነው።

ያንን እግር ነው አንነካም ያሉት።

ጨዋታው የክረምት ነው፤ ሜዳው ጭቃ፣ ነፋሱ ብርድ። ስለዚህ ተጫዋቹ ከመግባቱ በፊት ወጌሻው ባቱንና ጭኑን በቅባት ያሸዋል። እንደ መስመር ተጫዋች ደጋግሞ የሚፈነጠር ሰው በቀዝቃዛ እግር ከተነሣ ባቱ ይሸመቀቃል፣ የኋላ ጭኑ ይበጠሳል። የካርልተኑ ወጌሻ ግን ይህን ጥቁር ገላ አላሽም አለ። ተጫዋቾቹም ይሸታል ብለው አጉረመረሙ። የ20 ዓመቱ ልጅ ጓዙን ይዞ ወጣ።

ምኑ ነው የሸተታቸው? ላቡ? የማን ላብ ነው ታዲያ የማይሸተው? ሥራው ማሸት ሆኖ ሳለ እጁን የነፈገውን ሰው እስካሁን ይቅር ማለት አልቻልኩም። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልበረደልኝም።

እኛስ? እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የሠራችልንን ሴት፣ ማረሻችንን የቀጠቀጠልንን ሰው ቡዳ ብለን ከማዕዳችን ያራቅን አይደለንም? ያ ንቀት በሻንጣችን ገብቶ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል። በ2015 ሌላው የነባር ሕዝቦች ልጅ፣ ተጫዋቹ አዳም ጉድስ፣ ኳስ በነካ ቁጥር ተመልካቹ ሲጮህበት፣ የእኛ ጉዳይ አይደለም ብለን ቴሌቪዥኑን ያየን ብዙ ነን። እኔም ጭምር። አፈርኩ።

ኒኮልስ ግን አልቀረም። ኖርዝኮት ክለብ ገብቶ በ1929 ዋንጫ አነሣ። ከ1932 እስከ 1937 ለፊትዝሮይ ክለብ 54 ጨዋታ ተጫወተ፤ በ1935 ለቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ቡድን ተመረጠ። ጉልበቱ ሲከዳው ወንጌል ያዘና ፓስተር ሆነ፤ በ1972 ሰር ተባሉ፣ በ1976 የደቡብ አውስትራሊያ ገዥ ሆኑ። ከ2016 ጀምሮ የሊጉ የነባር ሕዝቦች ዙር የሚጠራው በሳቸው ስም ነው። በግንቦት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ፣ እባካችሁ፣ ስሙ ለምን እንደወጣ ንገሯቸው። ብዙ ጊዜ ተነግሮ ብዙ ጊዜ ተረስቷል፤ ቢሆንም ንገሯቸው።

ፊትዝሮይ በገባ ሰሞን ኒኮልስ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያን ጊዜ ከሁሉ የገነነው ኮከብ ሄይደን በንተን ነበር፤ ገና 21 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ተነሣ፣ ልብሱን ይዞ ሄደና ኒኮልስ አጠገብ ቀየረ።