መውጣቱስ ይሁን፤ መቼ?

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። ትራንዚተር ነኝ። የሰው ዕቃ ከጉምሩክ እያስወጣሁ ነው የምኖረው። የሥራችን ግማሹ መጠበቅ ስለሆነ ወሬ አይቸግረንም።

አንድ ወጣት ባልደረባችን ስልኩን እየነካካ ስለ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ያነብልናል። ሦስቱ አገሮች የምዕራብ አፍሪካን የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ኢኮዋስን፣ ጥለው ስለመውጣታቸው ነው። «ወንዶች! በአንድ ቀን ቆረጡት እኮ። እንግሊዝ ልውጣ አልውጣ ስትል ስንት ዓመት ፈጀች?» አለ።

እኔ አፌ አያርፍም። «በአንድ ቀን የተቆረጠ የለም» ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ ተራችን ደረሰ። የቀረውን እዚህ ልበለው።

አንድ አገር ከኢኮኖሚ ማኅበር ቢወጣ መብቱ ነው። ካልጠቀመው ለምን ይቀመጣል? የእኔ ጥል ከመውጣቱ ጋር አይደለም። «እንወጣለን» ብሎ አውጆ፣ መቼና ወዴት እንደሆነ ሳይናገር ሰዉን አንጠልጥሎ ከሚያቆይ ፖለቲከኛ ጋር ነው። እሱ በዚያ መሀል ንግግር ያደርጋል። ነጋዴውና ሾፌሩ ግን የከርሞውን ዕቃ በየትኛው ሕግ እንደሚያስገቡ ሳያውቁ ይከርማሉ።

እንግሊዝን እንያት። እ.ኤ.አ. በጁን 2016 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። 51.9 በመቶው ከአውሮፓ ኅብረት «እንውጣ»፣ 48.1 በመቶው «እንቆይ» አለ። የተጠየቀው ይኸው ብቻ ነው። ከወጡ በኋላ ወዴት? ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ለእኔ ቢጤ ይሄ ትልቅ ጉድ ነው። ኖርዌይ የኅብረቱ አባል አይደለችም፤ ገበያው ውስጥ ግን አለች። ቱርክም አባል አይደለችም፤ ግን ለኢንዱስትሪ ዕቃ የጉምሩክ ኅብረት ስላላት የፋብሪካዋ ምርት ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባል። ካናዳ ነፃ የንግድ ስምምነት ነው ያላት፤ የዕቃው የሥሪት አገር ግን በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ምንም ስምምነት የሌለው አገር ሙሉ ቀረጡን ይከፍላል። አራቱም ውጭ ናቸው። ግን ወረቀቱ ይለያያል፣ ወጪው ይለያያል፣ መኪናው ድንበር ላይ የሚቆምበት ሰዓት ይለያያል። እንግሊዞች የመረጡት የትኛውን ነው? የመረጠውም ያስመረጠውም አላወቀም። ምርጫውን የጠሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በማግሥቱ ሥልጣን እለቃለሁ አሉ።

ቦታውን የተረከቡት ቴሬዛ ሜይ «ብሬግዚት ማለት ብሬግዚት ነው» ይሉ ነበር፤ ብሬግዚት የሚሉት ይኸንኑ ከኅብረቱ መውጣታቸውን ነው። እስቲ አስቡት። ደንበኛዬ ደውሎ «ዕቃዬ መቼ ይወጣል?» ሲለኝ «መውጣት ማለት መውጣት ነው» ብዬ ስልኩን ብዘጋው ሁለተኛ ይደውልልኛል?

በማርች 2017 መውጣታቸውን ለኅብረቱ በደብዳቤ አሳወቁ። በሕጉ መሠረት ሁለት ዓመት ነበራቸው፤ ቀኑም ማርች 29 ቀን 2019 ሆነ። ሜይ ከኅብረቱ ጋር ተደራድረው ያመጡትን ስምምነት ፓርላማው በጃንዋሪ 2019 በ432 ለ202 ጣለው። ሁለት ጊዜ መልሰው አቀረቡት፤ ሁለቴም ወደቀ። በመሀል የምክር ቤቱ አባላት «እስቲ የምንፈልገውን ራሳችን እንምረጥ» ብለው በስምንት አማራጮች ላይ ድምፅ ሰጡ። ስምንቱም ወደቁ። ወዲህም አይሆንም፣ ወዲያም አይሆንም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ከታች ያለው ሰው ምን ይሠራ ነበር? መንግሥት ያለ ስምምነት ብንወጣ ድንበር ላይ የሚፈጠረውን የመኪና ሰልፍ እንሞክር ብሎ አንድ የተዘጋ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከባድ መኪና ሰበሰበ። የመጡት 89 መኪኖች ናቸው። 89! እኛ ጋ ቅዳሜ ከሰዓት የሚቆመው ሰልፍ ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም። ለተጨማሪ ጀልባ ደግሞ 13.8 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ውል ለአንድ ኩባንያ ሰጡ። ኩባንያው አንድም መርከብ አልነበረውም። ውሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈረሰ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የመኪና ፋብሪካው ነው። ኦክስፎርድ ያለው፣ «ሚኒ» የሚባሉት መኪኖች የሚሠሩበት ፋብሪካ በየዓመቱ በበጋቸው ለጥገና ይዘጋል። ባለቤቱ ቢኤምደብሊው በማርች መጨረሻ ከተወጣ መለዋወጫ ይዘገያል ብሎ ፈራ። መዝጊያውን ወደ ኤፕሪል አመጣው። ሠራተኛው ፈቃዱን ለወጠ፣ መለዋወጫ አቅራቢውም ምርቱን በዚያው ልክ አስተካከለ። ኤፕሪል መጣ። ፋብሪካው ተዘጋ። ብሬግዚት ግን አልመጣም፤ ቀኑ ተራዝሟል። የተዘጋው ለምንም ነው። ለዚህ የሚከፍል ፖለቲከኛ አልታየም።

አዲሱ ቀን ኦክቶበር 31 ተባለ። ይሄኛው የማይቀር ነው ተብሎ ቀኑ የታተመበት የመታሰቢያ ሳንቲም ሳይቀር ተሠራ። እሱም ቀረ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሳንቲም እንዲቀልጥ ተደረገ። በመጨረሻ የወጡት በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። መውጣቱም ቢሆን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነገሩ እንደ ድሮው ይቀጥላል የሚል ነበር። የንግድ ስምምነቱ የተቋጨው በዲሴምበር 24 ነው፣ ለፈረንጆቹ ገና ዋዜማ። ከ1,200 ገጽ በላይ ነው። ሥራ ላይ የሚውለው ከሳምንት በኋላ። በዚያች ሳምንት የእንግሊዝ ትራንዚተሮች እንዴት እንዳደሩ እኔ አውቃለሁ።

«የሩቅ አገር ጣጣ ነው» የሚለኝ ካለ ለኮምቦልቻ ሰው ሩቅ አይደለም።

አጎቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። በመስኮት ስለሚያወጣው ግራ ክንዱ ከቀኙ ይጠቁራል። በረሃውን አቋርጦ፣ በባቲ በኩል ወጥቶ ከተማ ሲገባ እኛ ልጆቹ ጥሩምባውን እንለያለን። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. የራሷ አገር ከሆነች በኋላም የምትገበያየው በብር ነበር። ወደቡ የእነሱ፣ ዕቃው የእኛ፣ ገንዘቡ የጋራ። ስሙ የኢኮኖሚ ኅብረት ባይባልም ለአጎቴ ከዚያ በላይ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ የኤርትራ የራሷ ገንዘብ፣ ናቅፋ፣ ወጣ። ኤርትራ ናቅፋና ብር እኩል ለእኩል ይዘዋወሩ አለች። ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። አዲስ የብር ኖት አወጣች፤ ከ2,000 ብር በላይ ለሆነ ንግድም በውጭ ምንዛሪ ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት ሰነድ፣ ይከፈት አለች። ከዚያ ወራት አለፉ። አንዱ «ይስማማሉ» ይላል፣ አንዱ «አበቃ» ይላል። በይፋ የሚነግር የለም። የአጎቴ ጓደኞች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞሩ። እሱ አሰብ ላይ ያልሰበሰበው ገንዘብ ነበረው። «ወንድማማች ናቸው፣ ይታረቃሉ» እያለ ጠበቀ። ግንቦት ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። ጦርነቱን ያመጣው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ የድንበሩም የሌላውም ነገር አለ። መንገዱ ግን በዚያው ተዘጋ። ገንዘቡም እዚያው ቀረ።

አጎቴ አሁን አርጅቷል። ይህን ሲያነሳ የሚቆጨው የመንገዱ መዘጋት አይደለም። «ኅዳር ላይ ይዘጋል ቢሉኝ ኅዳር ላይ እዞር ነበር» ይላል።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። ሦስቱ የሳህል አገሮች በጃንዋሪ 2024 «ከአሁን ጀምሮ ወጥተናል» አሉ። የኢኮዋስ ውል ግን በአንቀጽ 91 የአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። በይፋ የወጡት በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ነው። በዚያም ቀን ኢኮዋስ አባላቱን «ሌላ ነገር እስክንላችሁ ፓስፖርታቸውን ተቀበሉ፣ ዕቃቸውንም እንደ ድሮው አስተናግዱ» አለ። «ሌላ ነገር እስክንላችሁ» የምትለዋን ቃል ጉምሩክ ደጅ የቆመ ሰው ያውቃታል። ደግሞም ሦስቱም ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚጋሩትን ገንዘብ፣ ሲኤፍኤ ፍራንክን፣ አልተዉም፤ የገንዘቡ ማኅበር ውስጥ አሁንም አሉ። ሦስቱም ወደብ የላቸውም። የሚወጣ የሚገባው ዕቃቸው በጎረቤት በኩል ነው።

ምክንያት የላቸውም አልልም። ኒጀር ውስጥ በጁላይ 2023 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ኢኮዋስ ድንበር አዘጋባቸው፣ ናይጄሪያም መብራት ቆረጠች። አባል ሆነህ ጨለማ ውስጥ ብትቀመጥ አንተስ ምን ትላለህ? ግን ተቆጥቶ ዕቁብ የሚወጣ ሰው እንኳ ዳኛውና ጸሐፊው ፊት ቀርቦ ነው ሂሳቡን የሚዘጋው። በተለይ ቀድሞ የበላ ከሆነ። እንግሊዝም ስትወጣ ወደ 39 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የቀረ ክፍያ ተተምኖባታል። ድምፅ ሲሰጥ ይህን ያነሳ ብዙ ሰው አልነበረም።

መግባቱስ ቢሆን? አገራችን የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጣና ውል እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ ፈረመች፣ በ2019 አጸደቀች። በዚያ ሥርዓት የመጀመሪያ ዕቃዋን የላከችው በኦክቶበር 2025 ነው። ለመግባት ይህን ያህል ከፈጀ፣ «ነገ እንወጣለን» የሚለኝን ሰው ቢያንስ ካሌንደር እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።

ለባልደረባዬ አንድ ነገር አምንለታለሁ። ሦስት ጊዜ ከሚራዘም ቀን አንድ ቁርጥ ቀን ይሻላል፣ ቀኑ መጥፎም ቢሆን።

ያን ዕለት ተራችን ደርሶ ከገባን በኋላ የደሴ ደንበኛዬ ደወለ፤ የጣሪያ ቆርቆሮ አስመጪ ነው። «ዛሬ ይወጣል ብለኸኝ አልነበር?» ብሎ ጮኸብኝ። ዛሬ አይሆንም፣ ፍተሻ ወድቆበታል፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው አልኩት። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ትንሽ አጉረመረመና «በቃ መኪናውን ለሐሙስ አዘዋለሁ» ብሎ ዘጋው።