ስንት ዘፈን ይይዛል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ሲገዛ «ድምፁ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ጥያቄው አንድ ነው። «ስንት ዘፈን ይይዛል?» ሻጩም መልሱን በቃሉ ይዞታል። 16 ጊጋ ከሆነ 4 ሺህ። ደንበኛው ፊቱን ካጠቆረ ደግሞ ዋጋው ሳይነካ ዘፈኑ ይጨምራል። «እሺ ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል 8 ሺህ አስገባለሁ።»

ካርዷ አልሰፋችም። ታዲያ 4 ሺህ እንዴት 8 ሺህ ሆነ?

ሱቁን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ሲገባ ሌላው የሚወጣበት ዓይነት ነው። ዘፈን የሚጭነው ልጅ ጣቶቹ ላይ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት አድርጓል፤ አለዚያ በዚህ ብርድ ማውዝ አይያዝም። ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደሮቹ ተደርድረዋል። «ሠርግ»፣ «ትዝታ»፣ «ሽለላ»፣ «መዝሙር»፣ «ምርጥ ምርጥ»፣ «ምርጥ ምርጥ 2»፣ «አዲስ»፣ «አዲሱ አዲስ»። ከጎናቸው ደግሞ አንዲት ፕሮግራም ተከፍታ ትውላለች። ሥራዋ መቀየር ነው። 4ን 8 የምታደርገው እሷ ናት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፤ ቢት ማለት አንዲት 0 ወይም 1 ናት፣ 8ቱ አንድ ባይት ይሆናሉ። ግራና ቀኝ ስላለው በ2 ይባዛል። በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይመጣል። በዚህ አያያዝ የ4 ደቂቃ ዘፈን 42 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። 16 ጊጋዋ ካርድ 380 እንኳ ሳትሞላ ትጠግባለች። ዘፈኑ ወደ ኤምፒ3 ተቀይሮ 128 ኪሎቢት ላይ ሲወርድ ግን 4 ሜጋባይት አይሞላም። 4 ሺህ ዘፈን ገባ ማለት ነው። ልጁ 64 ላይ ሲያወርደው 8 ሺህ።

8 ሺህ ዘፈን ሳይበሉ፣ ሳይተኙ ቢሰማ 22 ቀን ይፈጃል። የፍልሰታ ጾም ራሱ ከዚህ ያጥራል። ያውም ፍልሰታ ላይ ዘፈን አይከፈትም።

ይህን መጭመቂያ ያመጡልን ጀርመኖች ናቸው። ኤርላንገን በምትባል ከተማ ያሉ የፍራውንሆፈር ተቋም ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል ካርልሃይንዝ ብራንደንበርግ የተባለው መሐንዲስ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ነገር ሲያጠኑ ኖሩ። ኃይለኛ ድምፅ አጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል። የተሸፈነውን የሚሰማ የለምና ይጣል አሉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 ደግሞ ፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚለጠፈውን ስም ወሰኑ። ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን «ነጥብ ኤምፒ3»።

ዘዴውን እኛም ድሮ እናውቀዋለን። የእድር ቃለ ጉባኤ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስብሰባው ከቅዳሴ መልስ ተጀምሮ የምሳ ሰዓት ያልፋል። ድንኳኑ ተቀዷል፣ ድስት ጠፍቷል፣ መዋጮ ያልከፈለ ሞልቷል። አንዲት እናት ከኋላ ሆነው «ኧረ ብርጭቆዎቹ የት ገቡ?» ይላሉ። በዚያችው ደቂቃ ሰብሳቢው ስለ መዋጮ ይጮኻሉ። ጸሐፊው ማንን ይጻፍ? ሰብሳቢውን ይጽፋል። የግማሽ ቀን ክርክር ግማሽ ገጽ ይሆናል። «በድንኳኑና በመዋጮው ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» የእትዬ ብርጭቆ የለም። ሲነበብም የጎደለ ነገር ያገኘ ሰው የለም፤ ከእትዬ በቀር።

320 ኪሎቢት ማለት ጸሐፊው ሰፊ ደብተር ይዟል ማለት ነው። ብርጭቆውንም ይመዘግባል። 128 ላይ ግማሽ ገጽ ነው። 64 ላይ «ስብሰባ ተካሂዷል» ብሎ ይፈርማል።

መሐንዲሶቹ ራሳቸው ተፈትነውበታል። ብራንደንበርግ ሥራውን ይፈትሽባቸው ከነበሩት ቅጂዎች አንዱ አሜሪካዊቷ ሱዛን ቬጋ ያለ ምንም መሣሪያ ለብቻዋ የዘፈነችው ነው። ከበሮ የለ፣ ጊታር የለ። ጥፋት የሚደበቅበት ጫጫታ የለም። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ተበላሽቶ ወጣ። ደጋግመው እየሰሙ አስተካከሉት። መንዝ ድረስ ብቅ ቢሉ ኖሮ አንድ ፎካሪ ይበቃቸው ነበር።

ጭብጨባም ያስቸግራል። ኤምፒ3 ድምፁን በትንንሹ እየቆረጠ ነው የሚሠራው። አንዱ ቁራጭ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት «ጧ!» ካለበት፣ የመጭመቁ ስህተት በቁራጩ ሁሉ ላይ ይበተናል። ስለዚህ ከ«ጧ»ው በፊት አንዲት «ሽ» ትሰማለች። ጎበዝ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ቁራጩን ያሳጥራል። 64 ላይ ግን ለዚህ የሚተርፍ ቢት ከየት ይምጣ? ፈረንጆቹ ይህን የሚፈትሹት በካስታኔት ነው፣ እስፓኞች ሲጨፍሩ በእጃቸው በሚያጋጩት። እኛ ሠርግ አለን። የአንድ ዘመዴን ሠርግ ከሚሞሪ ሰማሁት። እልልታው ውሃ ውስጥ ገብቶ የወጣ ይመስላል። ጭብጨባው ከአጨብጫቢው ይቀድማል። ይሄኛው እንኳ ብዙ አልገረመኝም። ተናጋሪው አፉን ሳይከፍት የሚያጨበጭብ ሰው በየአዳራሹ አለ።

በጾም ደግሞ ተራው የበገና ነው። 10 አውታር አለው። ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በድልድዩ መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ንዝረቱ ውስጥ ቀጫጭን የላይ ድምፆች አሉ። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። አንድ የመንዝ አባት እዚያው ሱቅ ውስጥ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ሚሞሪ የምትቀበለውን ትንሽ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አዳመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ በገና ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

«አባባ፣ ስፒከሩ ነው።»

«ስፒከሩማ ዜናውን ደህና አድርጎ ያወራል።»

ልጁ ዝም አለ። እኔ ግን ለአባባ ፈርጃለሁ። ንግግር 64 ላይ ቢወርድም ያን ያህል አይጎዳም። በገና ነው የሚጎዳው። እኚህ ሰው ስለ ኪሎቢት ሰምተው አያውቁም። ሰማንያ ዓመት የሠራ ጆሮ ግን አላቸው።

ስለ ድምፅ መበላሸት በከተማችን የሚወራው ሌላ ነው። «በብሉቱዝ ሲላላኩት ሲላላኩት አለቀ» ይባላል። ይህ የካሴት ዘመን ወሬ ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ በየጊዜው ሹክሹክታ ይጨምር ነበር። አምስተኛው ሰው እጅ ሲደርስ ዘፋኙ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል። ፋይል ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ያው ነው። ከደብረ ሲና እስከ አለም ከተማ በስልክ ከስልክ ቢዞር አንዲት ቢት አትወድቅም። የሚገድለው መቀየሩ ነው። በ128 የተጨመቀውን እንደገና ወደ 64 ሲጨምቁት፣ ከቃለ ጉባኤው ላይ ሌላ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

ከዚያ ደግሞ የሚያሻሽሉ አሉ። አንዱ መጥቶ «ይሄን 320 አድርግልኝ» አለ። ልጁ አደረገለት። ፋይሉ አምስት እጥፍ ወፈረ። ድምፁ ያው ነው። የተጣለው ብርጭቆ ሰፊ ደብተር ስለተገዛ ብቻ ተመልሶ አይመጣም። ሰውዬው ግን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«አየህ ልዩነቱን?»

ልጁ 20 ብር ተቀብሎ «በጣም!» አለ።

የአዲስ አበባ እንግዳችንማ ከዚህም ይብሳል። እሱ ኤምፒ3 አይሰማም። «እኔ ፍላክ ብቻ ነው የምሰማው» ይላል፤ አነጋገሩ ጥሬ ሥጋ ከአንድ ልኳንዳ ብቻ የሚበላ ሰው ያስመስለዋል። ፍላክ መልካም ነገር ነው፣ ሐሰት አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ሙዚቃውን ወደ ግማሽ ገደማ ያሳንሰዋል እንጂ ምንም አይጥልም። ሲከፈት ቢቱ ሁሉ ቦታው ላይ አለ። ችግሩ እንግዳችን ፋይሉን ያገኘው ከየት ነው? ከኤምፒ3 ቀይሮት ነው። ፍላክ የሰጡትን ይጠብቃል። የተበላሸ ከሰጡት የተበላሸውን በክብር ይጠብቃል። ያንን ደግሞ የሚያዳምጠው ገመድ በሌለው ማዳመጫ ነው። የእሱ ዓይነቱ ርካሽ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ኤስቢሲ በሚባል ሌላ መጭመቂያ አየር ላይ አንዴ ደግሞ ይጨምቀዋል። እሱም ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮቱ እየተንኳኳ፣ ረዳቱ «ጣርማ በር! ደብረ ሲና! ሸዋ ሮቢት!» እያለ በሚጮህበት። አንድ ቀን በደንብ የተሠራ የ256 ኤምፒ3 ሳልነግረው አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ «ፍላክማ ሌላ ነው» አለ። አልፈርድበትም። 256 ላይ ሲደርስ አብዛኛው ሰው አይለየውም።

ለኤምፒ3 ግን ጥብቅና ልቁምለት። እሱ ባይኖር የመርሐ ቤቴ ልጅ በዚያች ትንሽ ስልኩ ማሲንቆ ይዞ ከብት አይከተልም ነበር። ጥፋቱ የቁጥር ሱሳችን ነው። ሱሱም የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የኮሪያው ሳሃን የተባለ ኩባንያ ኤምፒማን የሚባል በኪስ የሚያዝ ማጫወቻ አወጣ። 32 ሜጋባይት ነበር። በ128 ሒሳብ 8 ዘፈን መሆኑ ነው። ይህን የገዛ ሰው 8ቱን ዘፈኖች ከነሳሉ፣ ከነትንፋሹ ያውቃቸው ነበር ብዬ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 አፕል አይፖድን ይዞ መጣ። 5 ጊጋ። እሱም ሲያስተዋውቅ ስለ ድምፁ ብዙ አልደከመም። «1,000 ዘፈን በኪስዎ» አለ። የሱቃችን ልጅ ይህንን ሲሰማ «1,000 ብቻ?» ብሎ ሳቀ።

ለመሆኑ 8 ሺሁን ማን ይሰማዋል? ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ሚኒባስ ፍላሽ ላይ እሱን የሚያህል ዘፈን አለ። ማጫወቻው ግን ሞተር በጠፋ ቁጥር ይረሳል። ሲነሳ ከአንደኛው ይጀምራል። ጣርማ በር ላይ ሰው ሊወርድ ይቆማል፤ ከአንድ። ደብረ ሲና ሻይ ይጠጣል፤ ከአንድ። ሾፌሩም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዘፈኖች ከነመግቢያቸው ያፏጫል። አራተኛውን ግን «ይሄ ደግሞ አዲስ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ያ ፍላሽ መኪናው ላይ ከተሰካ ዓመት አልፎታል። ስሙ በመጨረሻ ፊደል የሚጀምር ዘፋኝ በዚህ መንገድ ላይ የተሰማበት ቀን የለም።

ይህን ቀድሞ የገባው አንድ የደብረ ሲና ሠርግ ዘፋኝ ነው። ሱቁ ድረስ መጥቶ ከልጁ ጋር በጆሮ ተነጋገረ። ጥቂት ብር እጅ ተለዋወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ሱቅ በሚወጣ ሚሞሪና ፍላሽ ሁሉ ላይ የእሱ ዘፈን ስሙ «001» ነው። አሁን ከጫጫ እስከ አጣዬ የማያውቀው ተሳፋሪ የለም። ሠርግ ሲጠራ ዋጋው በእጥፍ ጨምሯል። ዘፈኑ በ64 ነው።